«ቀድሞ መግቢያ ያለው» እየተባለ የሚሸጠውን የኦርላንዶ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

ወገኖች፣ የትምህርት ቤት እረፍት በተቃረበ ቁጥር በሐበሻ የቴሌግራምና የፌስቡክ ቡድኖች ውስጥ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይዘዋወራል። «ዲዝኒ ወርልድ ከነቤተሰብ! ሆቴል፣ ቲኬት፣ ሕዝቡ ሳይገባ ቀድሞ መግቢያ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥርና «በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ክፈሉ» የሚል ይከተላል። እባካችሁ አትክፈሉ። ሆቴሉ ሆቴል ነው፣ ቲኬቱም ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ቲኬት ነው። ዋጋውን የሚያስወድደው «ቀድሞ መግቢያ» ግን ሻጩ በእጁ የሌለና ሊሰጣችሁ የማይችለው ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው በዘመዶቼ ላይ ስለደረሰ ነው። ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆችና ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አያት ከሜሪላንድ ተነስተው፣ በአይ 95 ሌሊቱን ሲነዱ አድረው ኦርላንዶ ገቡ። ደላላው የያዘላቸው ሆቴል ኪሲሚ ውስጥ፣ ሀይዌይ 192 ዳር ያለ ነው። «ከዲዝኒ አጠገብ ስለሆነ ቀድማችሁ ትገባላችሁ» ብሏቸው ለዚሁ ሲባል በነፍስ ወከፍ ተጨማሪ ከፍለዋል። በማግስቱ አያትየውን ሳይቀር ከእንቅልፍ ቀስቅሰው ሳይነጋ ሄዱ። ሠራተኛዋ ቲኬታቸውን ስካን አድርጋ በሆቴል እንግድነት እንዳልተመዘገቡ ነገረቻቸውና በትሕትና ወደ ሌላው ሰልፍ መራቻቸው። ልጆቹ ከገመዱ ወዲያ ማዶ እኩዮቻቸው ሲያልፉ እያዩ ቆሙ። ደላላው ሲደወልለት «እኔ ቅርብ ነው ነው ያልኩት» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳም። ሁለት ሥራ እየሠሩ ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው። ነገሩ ከልቤ ያልወጣው ለዚህ ነው።

እውነተኛው መብት ይህን ይመስላል። (ዓመቱንም ሰዓቱንም የምጽፈው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው፤ ከአገር ቤት የመጡ ወላጆች ካሉ ጠዋት 8 ሰዓት ማለት የእኛ 2 ሰዓት መሆኑን ቀድማችሁ ንገሯቸው።) ዲዝኒ ወርልድ «ኧርሊ ኢንትሪ» የሚለውን በ2021 ኦክቶበር ሲጀምር በራሱ ሆቴሎች ለሚያድሩና እንደ ስዋንና ዶልፊን ባሉ፣ በስም በተዘረዘሩ ጥቂት ሆቴሎች ለሚያርፉ እንግዶች ነው የሰጠው። መብቱ የሚመጣው ከሆቴሉ ምዝገባ ጋር እንጂ ለብቻው ተነጥሎ አይሸጥም። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሆቴል ከበሩ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ቢሆንም እንግዳው ቀድሞ አይገባም። ርቀቱ ምንም ለውጥ አያመጣም።

መብቱ ላላቸውስ ቢሆን ስንት ሰዓት ነው? 30 ደቂቃ። ቀድሞ የነበረው አሠራር በተመረጠ ቀንና ፓርክ አንድ ሙሉ ሰዓት ይሰጥ ነበር፤ አሁን በየቀኑና በአራቱም ፓርኮች ሆኖ ጊዜው በግማሽ አነሰ። ማስታወቂያው ላይ «ፓርኩ ባዶ እያለ» ሲባል ልጆቻችሁ ብቻቸውን የሚሯሯጡበት ሜዳ አይምሰላችሁ። በሺዎች የሚቆጠሩ የሆቴል ክፍሎች እንግዶች በዚያችው ግማሽ ሰዓት ይገባሉ።

እንግዲህ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ይመጣል፦ በማለዳ መድረስ ድሮ እንደሚባለው አሁንም ወረፋ ያስቀራል ወይ? ያስቀራል። ያውም በነጻ። ግን እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ ምክንያቱን ከተረዳችሁ ደላላ አያታልላችሁም።

ከ1999 ጀምሮ ዲዝኒ «ፋስትፓስ» የሚባል ነበረው። ነጻ ነበር፤ ለአንድ መጫወቻ ሰዓት ትይዛላችሁ፣ በሰዓታችሁ ስትመጡ በአጭሩ ሰልፍ ትገባላችሁ። በ2020 በወረርሽኙ ቆመና በዚያው ቀረ። በ2021 በምትኩ የመጣው በሰው በቀን 15 ዶላር የሚያስከፍል ሆነ። በ2024 ጁላይ ስሙ ተቀይሮ «ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ» ተባለ፤ ዋጋውም እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ የሚወጣና የሚወርድ ነው። እንደ ትሮን ያሉ በጣም የሚፈለጉት መጫወቻዎች ደግሞ ለየብቻቸው ይከፈልባቸዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰዓት ሳይያዝ በአጭሩ ሰልፍ የሚያስገባ «ፕሪሚየር ፓስ» የሚባል ተጨመረ፤ ሲጀመር ዋጋው በሰው በቀን ከ129 እስከ 449 ዶላር ነበር፣ ያውም ከመግቢያ ቲኬቱ ውጭ። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ስለሚቆጠር የአምስት ስድስት ሰው ቤተሰብ ሲደመር ምን እንደሚያክል አስቡት።

ይህ ሁሉ ከማለዳው ጋር ምን አገናኘው? አሁን የምትሽቀዳደሙት አብሯችሁ በር ላይ ከቆመው ሰው ጋር ብቻ አይደለም። በዲዝኒ ሆቴል የሚያድር ሰው የላይትኒንግ ሌን ሰዓቱን ከመምጣቱ 7 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሌላው ደግሞ 3 ቀን ቀደም ብሎ፣ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ጀምሮ በስልኩ ይይዛል። ሰልፉ ላይ ያለው ሠራተኛ የከፈሉትን ቀድሞ ያሳልፋል፤ ያልከፈለው ይጠብቃል። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰልፍ ሳይነቃነቅ ስታዩት ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ፓርኩ በተከፈተበት የመጀመሪያ ሰዓት ግን ሰዓታቸውን ይዘው የሚመጡት ገና ስላልተጠራቀሙ ያልከፈለውም ሰልፍ ይንቀሳቀሳል። የማለዳ ጥቅም ዛሬ በዋናነት እዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው ያለው። እሷ ደግሞ ማንም ሊሸጥላችሁ የሚገባ አይደለችም፤ ማንቂያ ደወልና ቀድሞ የተዘጋጀ ቁርስ ይበቃታል።

ሰው የሚሳሳተው መንገዱ ላይ ነው፤ በተለይ ከአራቱ የዲዝኒ ፓርኮች አንዱ ወደሆነው ማጂክ ኪንግደም ሲሄድ። መኪና የምታቆሙት ፓርኩ በር ላይ አይደለም። ከሐይቁ ወዲህ ባለው ማቆሚያ ከፍላችሁ ታቆማላችሁ፣ ፍተሻ ታልፋላችሁ፣ ከዚያ በጀልባ ወይም በሞኖሬል ትሻገራላችሁ። ከልጅ ጋሪና ከአያት ጋር ሲሆን ይህ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፓርኩ በ9 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ በ9 ሰዓት መኪና ማቆሚያ የደረሰ ሰው ያቺን ወርቅ ሰዓት አብዛኛውን መንገድ ላይ ጨረሳት ማለት ነው። እኔ የምመክረው ከመከፈቻው አንድ ሰዓት ከሩብ አስቀድሞ መኪና ማቆሚያው መድረስ ነው። የመክፈቻው ሰዓት በየቀኑ ስለሚለያይ ከዋዜማው ማታ በዲዝኒ የስልክ መተግበሪያ ላይ አረጋግጡ።

ከገባችሁ በኋላም የሆቴል እንግዶቹ ወደሄዱበት አትከተሉ። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚከፈቱላቸው ፋንታሲላንድና ቱሞሮውላንድ ናቸው፤ እናንተ ስትደርሱ የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡርና ትሮን አስቀድመው ሞልተዋል። አድቬንቸርላንድና ፍሮንቲርላንድ ግን ለሁሉም እኩል ነው የሚከፈቱት። በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ፤ ጃንግል ክሩዝን ወይም የቲያናን የውኃ መጫወቻ ያዙ። ሌላው የዲዝኒ ፓርክ ኤፕኮት ደግሞ ከዋናው በር ሌላ ከኋላ በኩል፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ስም በተሠሩት ክፍሎች መካከል፣ ሁለተኛ መግቢያ አለው።

«ታዲያ በዲዝኒ ሆቴል ብናድር አይሻልም ወይ?» ለምትሉ፦ አንዲት ግማሽ ሰዓትን አስባችሁ ከሆነ አይሻልም። ርካሽ የሚባሉት የዲዝኒ ሆቴሎች መደበኛ ክፍል የሚይዘው አራት ሰው ነው። የእኛ ቤተሰብ ከነአያትና ከነአክስት ሲሄድ ሁለት ክፍል ወይም ለስድስት የሚሆነውን ሰፊ ክፍል መያዝ ይኖርበታል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይዘላል። ኩሽና ያለው ቤት ኪሲሚ ተከራይቶ፣ ቁርስ በቤት በልቶ፣ ምሳ ቋጥሮ መሄድ ለብዙዎቻችን ያዋጣል። ዲዝኒ ምግብ ይዞ መግባትን ይፈቅዳል፤ የጠርሙስ ዕቃና አልኮል ብቻ አይቻልም። ኦገስት ላይ ፍልሰታን ለሚጾሙ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍርፍራችሁን በፕላስቲክ ዕቃ ይዛችሁ ግቡ። ቀዝቃዛ ውኃም ፈጣን ምግብ በሚሸጡበት መስኮት ከጠየቃችሁ በነጻ ይሰጣችኋል።

የዲዝኒ ተፎካካሪ በሆነው ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ ላይ ሒሳቡ ትንሽ ይለያል። እዚያም ቀድሞ የሚገባው የራሱ ሆቴሎች እንግዳ ነው። ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክና ሮያል ፓሲፊክ ሆቴሎች ግን በሁለቱ ነባር ፓርኮች ወረፋ የሚያሳጥረውን ኤክስፕረስ ፓስ ከክፍሉ ጋር ይሰጣሉ። በ2025 ሜይ የተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ በዚህ ውስጥ የለበትም። «ኤፒክም አለበት» የሚላችሁ ደላላ ካለ እዚያው ላይ ተለያዩ።

ገንዘብ ማውጣታችሁ ካልቀረ፣ ለደላላ ከምትጨምሩት በቀጥታ በዲዝኒ መተግበሪያ ለአንድ ቀን፣ ለማጂክ ኪንግደም ብቻ፣ መልቲ ፓስ ብትገዙ የተሻለ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ልጆቻችሁን ለኩ። ትሮን ላይ ለመውጣት 122 ሳንቲ ሜትር፣ የድንክዬዎቹ ባቡር ላይ 97 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያስፈልጋል። ሕፃን ያላቸው ደግሞ «ራይደር ስዊች» የሚባለውን ነጻ አገልግሎት ይጠይቁ፤ አንዱ ወላጅ ሲጫወት ሌላው ሕፃኑን ይዞ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ ያኛው ሰልፉን እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። ይህን የሚነግራችሁ ደላላ አላየሁም፤ የሚያገኝበት ነገር ስለሌለ ይሆናል።

በማለዳ መነሳት ለማይሆንላቸውም መንገድ አለ። ሠራተኛው ከመዝጊያው ሰዓት አንድ ደቂቃ በፊት እንኳ ሰልፍ ውስጥ የገባን ሰው አይመልስም፤ ተራው ሲደርስ ይጫወታል። ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ሲመሽ ስለሚወጡ የመጨረሻው ሰዓት ቀለል ይላል። ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ብቻ ያሏችሁ ደግሞ ከሌበር ዴይ በኋላ ያሉትን ሳምንታት፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ያሉትን፣ አስቡ። ሙቀቱና የአውሎ ነፋሱ ወቅት አለ፤ ሕዝቡ ግን ይሳሳል። ያን ጊዜ ማለዳው ራሱ ብዙም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። በሀይዌይ 192 ዳርና በኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ «ርካሽ ቲኬት» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ሱቆች ታያላችሁ። አንዳንዱ ርካሽ የሆነው ለረጅም ሰዓት ቁጭ ብላችሁ የታይምሼር (በዓመት ለጥቂት ቀን የሚሆን የእረፍት ቤት ድርሻ) ሽያጭ ስብከት እንድትሰሙ ስለሚፈልግ ነው። ተገፋፍታችሁ ከፈረማችሁ የፍሎሪዳ ሕግ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትሰርዙ ይፈቅዳል፤ ውሉ ሌላ ቢልም ይህ መብት አይነጠቅም። ቀኑ የተረፈ ያገለገለ ቲኬት የሚሸጥላችሁን ግን ጨርሶ አትጠጉት። እንዲህ ያለውን መሸጥ በፍሎሪዳ ወንጀል ነው፤ ዲዝኒም በር ላይ የጣት አሻራ ስለሚያነጻጽር ከበር ትመለሳላችሁ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። ደላላውን የሆቴሉን ሙሉ ስምና የምዝገባ ቁጥር ጠይቁት። ስሙን ዲዝኒ ባወጣው የሆቴሎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ፣ ቁጥሩንም በማይ ዲዝኒ ኤክስፒሪየንስ መተግበሪያ ውስጥ አስገቡት። ስሙ ከሌለ ቀድሞ መግባት የለም፤ ለዚያ የከፈላችሁትን ልዩነት አሁኑኑ፣ ከጉዞው በፊት፣ በጽሑፍ ጠይቁ። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ክፍያው ያለበት ስቴትመንት ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ አቤት ማለት ትችላላችሁ። በዜል ከሆነ ራሳችሁ የላካችሁትን ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ለኤፍ ቲ ሲ (ለፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን) እና ለፍሎሪዳ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አመልክቱ። ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አቤቱታ ከማሰማታችሁ በፊት ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ዘመዶቼ ሲመለሱ ማስታወቂያው ከቡድኑ ውስጥ ጠፍቶ ነበር።