ስምንት ወር ሚጥሚጣ የፈጨች ትንሽ መፍጫ

በቤታችን በርበሬው የባለቤቴና የእናቷ ነው። ሽሮውም የእነሱ ነው። ሚጥሚጣ ግን የእኔ ነው። ክትፎ ወዳጁ እኔ፣ ፉል ላይ የማበዛው እኔ፣ የተቀቀለ እንቁላል ላይ ነስንሼ የምበላው እኔ። ስለዚህ ከተጋባን ጀምሮ ይህ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አያውቅም።

እስከ ዓምና ድረስ ዛላውን አዘጋጅቼ ሰፈር ያለ ወፍጮ ቤት ነበር የምወስደው። ችግሩ መጠኑ ነው። ወፍጮ ቤት የሚወደው አሥርና ሃያ ኪሎ በርበሬ አሸክሞ የመጣ ሰው ነው። እኔ ኪሎ የማትሞላ ፌስታል አንጠልጥዬ ስቆም ልጁ ከላይ እስከ ታች ያየኛል። "ጋሼ፣ ይቺ እኮ ድንጋዩ ላይ ነው የምትቀረው" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ወፍጮው ድርሻውን ሳያስቀር አይለቅም። የመጨረሻው ቀን ደግሞ የበርበሬው ወፍጮ ተበላሽቷል ብሎ በሽሮው ፈጨልኝ። ቤት ገብቼ ስቀምሰው ሽምብራና አብሽ ሸተተኝ። ክትፎ ላይ የሽሮ ሽታ! በቃ፣ ያን ቀን ወሰንኩ።

ሙቀጫ አለን። ግን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ዘነዘናውን አንዴ ባነሳሁ ቁጥር ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ጣሪያቸውን ያያሉ። ታች ያለው የጋራ ማብሰያ ቤት ደግሞ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እስኪታወቅ ሚጥሚጣው አረጀ።

መርካቶ ወርጄ የቅመም መፍጫ ጠየቅኩ። ሦስት ሱቅ፣ ሦስት ዋጋ። 6,500 ብር ያለኝ ጋ 5,200 ላይ ተስማማን። ዕቃዋን ሳታውቋት አትቀሩም፤ ቡና ቤቶችና ባልትና ቤቶች ውስጥ የምትታየው፣ የብረት ድስት የምትመስለው፣ ክዳኗ በሁለት ጎን በመቆለፊያ የሚያዝ፣ ፈጭታ ስትጨርስ ወደ ጎን ተገልብጣ የምታራግፈው ናት። ካርቶኑ 500 ግራም ትይዛለች ይላል። አያታላችሁ። ያ ለስንዴ ይሆናል። የሚጥሚጣ ዛላ ውስጡ ባዶ ስለሆነ 150 ግራም ሲገባ ጢም ትላለች። ግማሽ ኪሎ ለመፍጨት አራት ዙር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን ቀን ሳልናገር አላልፍም። ሠላሳ ሰከንድ አስነሳሁ፣ እንደ ዱቄት ላመልኝ፣ ደስ ብሎኝ ወዲያው ክዳኑን ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደቂቃ በትክክል አላስታውስም። አንድ ቀይ ጉም ፊቴ ላይ ወጣ። እኔ ስስል፣ ልጄ ሲያስነጥስ፣ ባለቤቴ በረንዳውን ለመክፈት ስትሮጥ ጉሙ በበረንዳው አድርጎ ጎረቤት ገባ። በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ቆመዋል። "ምነው ልጄ፣ ማንን ነው የምታጥኑት?" አሉኝ። እኛ ልጅ ሆነን አጥፊ በበርበሬ ጢስ ይታጠን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ቀልዱ ይገባዋል። እኔ ግን ያን ሰዓት መሳቅ አልቻልኩም።

ስለዚህ ከመፍጫዋ ጋር ካርቶኑ ውስጥ ያልመጣችውን መመሪያ ልስጣችሁ፦ ካጠፋችሁ በኋላ አምስት ደቂቃ አትክፈቱ። ዱቄቱ ይረፍ። ስትከፍቱም እርጥብ ፎጣ ክዳኑ ላይ ጣሉና ከሥሩ ክፈቱ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ዛላውን የምገዛው መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ከሚባለው ገበያ ነው። ቀይ የሆነውን፣ ቀጠን ያለውን፣ ስጨብጠው የሚንኳኳውን እመርጣለሁ። ነጣ ነጣ ያለ ካለበት እተዋለሁ፤ ሻጋታ ነክቶት ሊሆን ይችላል። የተፈጨ ለምን አልገዛም? በርበሬ ውስጥ ሸክላ ተቀላቅሎ ተያዘ የሚለውን ዜና ከሰማሁ ወዲህ ዛላውን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።

ቤት ስገባ ጓንት አድርጌ ጭራውን እቀነጥሳለሁ። ጓንት ረስቶ ዓይኑን ያሸ ሰው እንዴት እንደሚሆን እኔ ምስክር ነኝ። ውሃ ምንም አያደርግለትም፤ የሚያቃጥለው ነገር የሚሟሟው በቅባት ነው። እጅን መጀመሪያ በዘይት አሽቶ ከዚያ በሳሙና ማጠብ ይሻላል። ከዚያ ዛላውን ሁለት ቀን ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ደርቋል የምለው በጣቴ ስሰብረው ቀጭ ሲል ነው። ከታጠፈ አልደረቀም። ያልደረቀ ዛላ እዚች መፍጫ ውስጥ ከገባ ዱቄት ሳይሆን ቢላዋው ሥር የተጣበቀ ሊጥ ነው የሚሆነው።

ለግማሽ ኪሎ ዛላ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የኮረሪማ ፍሬ፣ አንድ የቡና ማንኪያ ቅርንፉድ፣ ግማሽ የቡና ሲኒ ጨው አደርጋለሁ። ቀረፋ የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልጨምርም፣ ሻይ ያስመስለዋል። ኮረሪማውን ከነልጣጩ ነው የምገዛው። ፈልፍዬ ነጩን ስስ ሽፋን አነሳለሁ፣ ፍሬውን ብቻ በለስላሳ እሳት ትንሽ አሞቀዋለሁ። ሚጥሚጣውን ግን አልቆላም። አንዳንድ ሰው ኮረሪማ ሲጠፋ ሔል ይጨምራል። ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ሔል ባህር ማዶ ነው የመጣው፤ ኮረሪማ የእኛው የጅማና የከፋ ጫካ ልጅ ነው። ክትፎ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

እዚህ ላይ መፍጫዋን አመሰግናታለሁ። ኮረሪማ ቅባት ስላለው ብቻውን ሲፈጭ ጎኗ ላይ ይለጠፋል። ጨውን በደረቅ መጥበሻ አንዴ አሙቄ፣ አብሬው ሳስገባ ግን እንደ አሸዋ ይፈስሳል። ሃያ ሰከንድ ብቻ። ያን ጊዜ ኩሽናው ውስጥ የሚወጣውን ሽታ ከወፍጮ ቤት አግኝቼው አላውቅም። ዛላውን ለብቻው ፈጭቼ በወንፊት እነፋለሁ፣ የቀረውን ገለባ እመልሳለሁ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አሽከረክራለሁ። ከግማሽ ኪሎ የሚባክነው አንድ ማንኪያ አይሞላም።

አሁን ወደ ወቀሳው። አንደኛ፣ ትግላለች። በተከታታይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ካስኬዳችኋት ብረቱ በእጅ አይነካም፤ ሚጥሚጣውም በሙቀቱ ሽታውን ያጣል። ሠላሳ ሰከንድ ሠርታ ሦስት ደቂቃ ትረፍ። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶብኝ ስቸኩል የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝና ድርግም አለች። 5,200 ብሬ ሄደች ብዬ ቁጭ አልኩ። ለካ ከሥሯ ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች። ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዤ ስጫናት ተነሳች። ሻጩ ይህን አልነገረኝም።

ሁለተኛ፣ የክዳኗ ጎማ በስድስተኛው ወር ተሰነጠቀ። ሲፈጭ በስንጥቁ በኩል ቀጭን ቀይ ክር ይወጣል። የገዛሁበት ሱቅ ስሄድ "ጎማው ለብቻው አይሸጥም፣ ሌላ መፍጫ ውሰድ" አሉኝ። ለአንዲት ጎማ! አሁን ዙሪያዋን በጨርቅ ጠምጥሜ ነው የምሠራው።

ሦስተኛ፣ ሽታ አይለቃትም። ይህ እንኳን ጥፋቱ የእኔ ነው። እሁድ ጠዋት ባለቤቴ ቡና ቆልታ ልትወቅጥ ስትል "ቆይ፣ በዚች ልፍጭልሽ" አልኳት። በጨርቅ ጠርጌያት ነበር። አቦሉ ሲቀርብ የመጀመሪያዋን ፉት ያለችው እህቷ ናት። ሲኒውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና አየችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ እፍኝ ሩዝ ፈጭቼ እደፋለሁ፣ ይህንኑ ሁለቴ። ሽታውን በደንብ ይወስዳል። ለቡና ግን ድጋሚ አልተፈቀደልኝም።

በርበሬስ? ሞክረናል። አማቴ ዛላውን ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ደልዘው አሰጥተውት ነበር። ከዚያ ላይ አንድ ኪሎ ሰጡኝ። ድልዙ ከላይ ቢደርቅም ውስጡ እርጥበት አለው። ሦስተኛው ዙር ላይ ቢላዋው ያዘው፣ መፍጫዋ አቃሰተች፣ ቀይዋ ቁልፍ ወጣች። አማቴ ቆመው አዩኝ። "ልጄ፣ ይሄ መጫወቻ ነው" ብለው ድልዛቸውን ሰብስበው ወፍጮ ቤት ሄዱ። ትክክል ናቸው። የዓመት በርበሬ ለሚያዘጋጅ ቤት ይቺ ዕቃ አትሆንም። ለሚጥሚጣ፣ ለኮረሪማ፣ ለጥቁር አዝሙድ፣ በወር ግማሽ ኪሎ ለሚበቃው ሰው ግን ገንዘቡን አውጥቶ ቢገዛት አይቆጭም። እኔ ከአምስቱ አራት እሰጣታለሁ፤ አንዷን ያስቀነሰችው ጎማዋ ናት።

በነገራችን ላይ ይህን ስጽፍ መፍጫዋ ቤት የለችም። አማቴ "ለጥቁር አዝሙዷ ብቻ፣ ለሁለት ቀን" ብለው ወስደዋታል። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።