ከደይር ኤል-ባሕሪ ግድግዳ እስከ ቁሰይር ባሕር፦ በግብፅ ያደረግሁት የፎቶግራፍ ጉዞ

ባለፈው የካቲት በሉክሶር የሚገኝ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ለፎቶግራፍ አንሺዎች ባሰናዳው የስድስት ቀን ጉዞ ላይ ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር ተካፍዬ ነበር። መርሐ ግብሩ ሦስት ቀን በሉክሶር ቤተ መቅደሶች፣ አንድ ቀን በበረሃ መንገድ፣ ሁለት ቀን ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው የቁሰይር ከተማ የሚውል ነው። ጥንታዊ ቤተ መቅደስንና የባሕር ውስጥ ሕይወትን በአንድ ጉዞ ማጣመር መጀመሪያ ስሰማው ደንበኛ ለመሳብ የተፈጠረ ዘዴ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር በድንጋይ ተቀርጾ መኖሩን ያወቅሁት በቦታው ተገኝቼ ካየሁ በኋላ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1479 እስከ 1458 ገደማ ግብፅን የገዛችው ሐትሼፕሱት በነገሠች በ9ኛው ዓመት መርከቦች ወደ ፑንት ምድር ልካ ነበር። የዚህ ጉዞ ታሪክ በሉክሶር በሚገኘው በደይር ኤል-ባሕሪ ባሠራችው ቤተ መቅደስ መካከለኛ ደርብ፣ በስተደቡብ በኩል ባለው ባለ ዓምድ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። የፑንት ትክክለኛ ቦታ ዛሬም ያከራክራል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ግን በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ እንደነበረች ይስማማሉ። ከነሥራቸው ተነቅለው በቅርጫት የሚጫኑትን የከርቤ ዛፎች፣ በመርከብ ገመድ ላይ የሚንጠላጠሉትን ዝንጀሮዎች፣ በቋሚ እንጨት ላይ ተሠርተው በመሰላል የሚወጣባቸውን ጎጆዎች ያየ ኢትዮጵያዊ ዝም ብሎ ማለፍ የሚችል አይመስለኝም። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

የአስጎብኚያችን ብቃት የታየውም እዚህ ላይ ነው። ራሱ ፎቶግራፍ አንሺ በመሆኑ ወደዚህ ግድግዳ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ወሰደን። በሩ እንደተከፈተ ስንገባ ቤተ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ የዞረ ስለሆነ የማለዳዋ ፀሐይ በዓምዶቹ መካከል ቀጥ ብላ ገብታ ግድግዳውን ፊት ለፊት ትመታው ነበር። ቅርጹ ጥልቀት ስለሌለው በዚያ ብርሃን ጠፍጣፋ ሆኖ ከድንጋዩ ጋር ተመሳሰለብን፤ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች በሙሉ አጥፍቻቸዋለሁ። በእኛ አቆጣጠር ወደ 3 ሰዓት ገደማ ስንመለስ ግን ፀሐይዋ ከፍ ብላ ግድግዳው በጣሪያው ጥላ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከደጅ ባለው ነጣ ያለ መሬት ላይ ያረፈው ብርሃን ደግሞ ከታች ወደ ላይ እየተንጸባረቀ የእያንዳንዱን መስመር ጠርዝ አወጣው። ያለ ፍላሽና ያለ ተጨማሪ መብራት፣ በመጠበቅ ብቻ የተገኘ ውጤት ነው። በግድግዳው ላይ የምትታየው የፑንት ገዢ ሚስት ምስል ቅጂ እንደሆነችና ዋናዋ በካይሮ ሙዚየም እንደምትገኝም ሳንጠይቀው ነግሮናል፤ ይህን ታማኝነት ከብዙ አስጎብኚዎች አላገኘሁም።

ከመርከቦቹ ሥር የሚታየው ውኃ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜዬን ወሰደው። ቀራጮቹ ውኃውን ባዶ አልተዉትም፤ አሳ፣ ስኩዊድ (ብዙ ክንድ ያለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ) እና ረጃጅም አንቴና ያለው ሎብስተር (ጠንካራ ቅርፊት የለበሰ የባሕር እንስሳ) ሞልተውበታል። የአሳ ተመራማሪዎች ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹን የቀይ ባሕር ዝርያዎች መሆናቸውን ለይተዋል። የወንዝ እንስሳ የሚመስሉም ስላሉበት መልእክተኞቹ በየት በኩል ሄዱ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሎብስተሩ ከላይ ሲታይ እንዳለ ሆኖ፣ እግሮቹ በግራና በቀኝ ተዘርግተው ተቀርጿል። በ100 ሚሊሜትር ሌንስ ቀርቤ ሳየው የጅራቱ ክፍልፋዮች ሳይቀሩ በየተራቸው ተሠርተው አገኘኋቸው።

በዚያው በሉክሶር ያለው የካርናክ ቤተ መቅደስ ጉብኝት ግን አልተሳካም። 134 ዓምዶች ያሉትን ያንን ታላቅ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ፣ የአውቶቡስ መንገደኛ ሁሉ በሚጎርፍበት ሰዓት መጎብኘት ለፎቶግራፍ ጉዞ የሚመጥን አይደለም፤ ቦታው ማለዳ የሚከፈት በመሆኑ ድርጅቱ ይህን በቀላሉ ሊያስተካክለው ይችል ነበር። ለትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ልዩ ፈቃድ እንደሚያስፈልግም የተነገረን በሩ ላይ ስንደርስ ስለሆነ ከአገር ቤት ተሸክሜ ያመጣሁትን ትራይፖድ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠቀምበት መልሻለሁ።

በአራተኛው ቀን የተጓዝንበት በናይል አጠገብ ካለችው ከቂፍጥ ከተማ በዋዲ ሐማማት ደረቅ ሸለቆ በኩል ወደ ቁሰይር የሚወስደው መንገድ የጥንት ግብፃውያን ወደ ባሕር የሚወርዱበት መንገድ ነው፤ በአለቶቹ ላይ የጻፏቸውን ጽሑፎችም ወርደን አንሥተናል። በመኪና ውስጥ ስለ መርሳ ጋዋሲስ አንድ ቃል አለመነገሩ ግን አሳዝኖኛል። ከሳፋጋ በስተደቡብ ያለው ይህ ጥንታዊ ወደብ ወደ ፑንት የሚሄዱ መርከቦች መነሻ ነበር። በዋሻዎቹ ውስጥ የመርከብ ሳንቃዎችና ተጠቅልለው እንደተቀመጡ የቀሩ ገመዶች ተገኝተዋል። ቁፋሮውን የመሩት ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች ቀደም ሲል በአክሱም ቤተ ጊዮርጊስ የቆፈሩ ምሁራን ናቸው። የፑንትን ግድግዳ አሳይቶ ወደ ባሕሩ የሚወስድ ድርጅት ይህን ታሪክ ሊተርክ ይገባዋል።

በቁሰይር የመጀመሪያው ቀን የጉዞው ምርጥ ቀን ነበር። እዚያ ኮራሉ፣ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ውስጥ ቅርጽ፣ ከባሕሩ ዳር ጥቂት እርምጃ እንደተራመዱ ስለሚጀምር ጀልባ አያስፈልግም፤ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። ውኃ ከብርሃን ቀለማት መካከል በመጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን በመሆኑ ጥቂት ሜትር ጠለቅ ሲሉ ፎቶው ሁሉ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል። አስጎብኚያችን ከ3 ሜትር በታች እንዳንወርድ፣ ፀሐይን ከጀርባችን እንድናደርግና ከምናነሣው ነገር ከ1 ሜትር በላይ እንዳንርቅ ያስጠነቀቀን ለዚህ ነው። በኪራይ የተሰጠን ትንሽ ካሜራ እንኳ በዚህ መንገድ የኮራሉን ወይን ጠጅና ብርቱካናማ ቀለም እንዳለ አወጣው። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ውጭ የማይገኘው፣ ዓይኑ ላይ ሰማያዊ ጥላ ያለበት ቢጫ ቢራቢሮ አሳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከኮራል ሥር ቆሞ ስለነበር ለመጀመሪያ ልምምድ የተመቸ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስድስት ስኩዊዶች በአንድ መስመር ተንሳፈው መጡ። እጄን አጥፌ ሳልንቀሳቀስ ስቆይ ቀረቡኝ፤ በጎንና በጎናቸው ያለው ክንፍ እንደ ነጠላ ጥለት ሲርገበገብ፣ ገላቸው ከነጭ ወደ ቡናማ ሲለዋወጥ፣ ትልቁ ዓይናቸው ካሜራውን ሲከታተል አየሁ። ሎብስተሩን ያገኘነው ሊመሽ ሲል ነው፤ ከአለት ስንጥቅ ውስጥ የሚታዩት ግን ሁለት አንቴናዎቹ ብቻ ነበሩ። ያ የደይር ኤል-ባሕሪ ቀራጭ፣ ወይም ለእሱ ንድፍ ያመጣለት ሰው፣ እንስሳውን ተይዞ መርከብ ላይ ተዘርግቶ ሳያየው አልቀረም ብዬ ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ቀን ግን ተበላሸ። ድርጅቱ ከሌላ ባለጀልባ ጋር ተዋውሎ ወደ ሩቅ ኮራል ወሰደን፤ ጀልባው እንደደረሰ መልሕቁን በቀጥታ ኮራሉ ላይ ጣለ፤ ሰንሰለቱም ቅርንጫፍ ያለውን አንድ ኮራል ሲሰብረው ከላይ ሆኜ አየሁት። ኮራል የጥቃቅን እንስሳት ሥራ ነው፤ ድፍን ክብ የሆኑት ዓይነቶች በዓመት የሚያድጉት በሚሊሜትር ነው። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ ሄፕካ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ጀልባዎች መልሕቅ ሳይጥሉ የሚታሰሩባቸውን ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች ያስተከለው ይህን ጥፋት ለማስቀረት ነው። ቀጥሎም አንድ የጀልባው ሠራተኛ ለእኛ ብሎ የባሕር ኤሊ ማሳደድ ጀመረ። ኤሊዋ ሸሸች፤ የስምንታችንም ፎቶ የጀርባዋ ፎቶ ሆኖ ቀረ። ቅሬታዬን ለድርጅቱ በጽሑፍ አቅርቤ ይቅርታ ጠይቀውኛል፤ ባለጀልባውን ስለመለወጥ ግን ምንም አላሉም።

ዋጋው ያለ አውሮፕላን ቲኬት ለአንድ ሰው 780 ዶላር ሲሆን መኝታን፣ ቁርስን፣ መኪናንና የመዋኛ ዕቃ ኪራይን ይጨምራል። የቤተ መቅደሶቹ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። ሆቴሎቹ ንጹሐን ናቸው፣ ምግቡም ደህና ነው። መሄድ የሚፈልግ ሰው ካርናክን ማለዳ እንዲያደርጉለትና ጀልባው በማሰሪያ እንጂ በመልሕቅ እንደማይቆም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በጽሑፍ እንዲያረጋግጡለት ይጠይቅ፤ ለባሕሩ ደግሞ ሙሉ እጅጌ የመዋኛ ልብስ ይያዝ፤ በየካቲት ውኃው ይበርዳል፣ ልብሱም የፀሐይ ቅባትን ይተካል። እኔ ለአስጎብኚው ጽፌለታለሁ፦ ያለ ጀልባው ቀን፣ በቁሰይር ሁለት ምሽት ተጨምሮ፣ ሎብስተሩ ከስንጥቁ የሚወጣበትን ሰዓት እንድንጠብቅ።