ለእናቴ መርፌ ወጊ ሲስተር፦ እናመሰግናለን!

ቤታችን እየመጣች የእናቴን የደም ማቅጠኛ መርፌ የምትወጋልንን ነርስ በአደባባይ ላመሰግናት ነው። ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም፤ እኛ ሲስተር ነው የምንላት።

እናቴ እግሯ ላይ የደም መርጋት ተገኘባት። ከሆስፒታል ስትወጣ ኢኖክሳፓሪን የሚባል መርፌና የዋርፋሪን ኪኒን አብረው ታዘዙላት። ሁለቱም ደም ማቅጠኛ ናቸው። ቤት ውስጥ ወዲያው ክርክር ተነሳ፤ የሚዋጥ ካለ መርፌው ለምን?

ሲስተር ቁጭ ብላ አስረዳችን። መርፌው ከቆዳ ስር ሲወጋ ቶሎ ሥራ ይጀምራል፤ ከተወጋ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ያው መድኃኒት ቢዋጥ ግን ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ አይገባም። ዋርፋሪን ሲዋጥ በደንብ ይገባል፤ ችግሩ ቀስ ማለቱ ነው። ጉበት ቫይታሚን ኬን ተጠቅሞ ደም የሚያረጉ ነገሮችን እንዳይሠራ ይከለክላል እንጂ ቀድመው ደም ውስጥ ያሉትን አይነካም። እነሱ እስኪያልቁ ቀናት ያልፋሉ። ለዚህ ነው ሁለቱ ቢያንስ 5 ቀን አብረው የሚሰጡት። መርፌውም የሚቆመው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ 2 ደርሶ ሲጸና፣ ሐኪሙም አቁሙ ሲል ነው።

እጇ ቀላል ነው። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ፣ ከእምብርት ራቅ ብላ፣ አንድ ቀን በቀኝ አንድ ቀን በግራ ትወጋታለች። እንዳይበልዝም ቦታውን አታሹት ትለናለች።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀችኝ ግን እምቢ ያለች ቀን ነው። እናቴ ጉልበቷን ሲያማት የለመደችውን የዳይክሎፍናክ መርፌ ውጊኝ ብላ ለመነቻት። «እማማ፣ አሁን አይሆንም» አለቻት። ደም ማቅጠኛ ላይ ላለ ሰው ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ውስጥ ለውስጥ ሊያደማ ይችላል፤ ዳይክሎፍናክ ራሱም ጨጓራን ያደማል። ወግታ ሒሳቧን መቀበል ትችል ነበር። እሷ ግን እኛን ወደ ሐኪሙ አስደወለችን፤ ሌላ ማስታገሻ ታዘዘ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚታመነው።

ጾም ሲገባም አስታወሰችን። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው ድንገት ሲበዛ ዋርፋሪኑን ያደክመዋል። ተዉት አላለችም፤ መጠኑ እንዳይዋዥቅ፣ የምግብ ለውጥ ካለም ለሐኪሙ እንድንነግር ነው ያለችው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም ያዘዘውን መርፌ ቤት መጥቶ የሚወጋ ሰው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አስፈቅጃት ስልኳን እልክላችኋለሁ። የሐኪም ማዘዣችሁን አዘጋጁ፤ ሳታየው መርፌ አትነካም።