የዲሽ ያልሆነው ሪሲቨር፦ ከሳውንድባርና ከካርቶን ሆም ቴአትር ጋር ሲወዳደር

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ «ሪሲቨር አለ?» ብትሉ ሻጩ የዲሽ ሪሲቨር ያወጣላችኋል። እኔንም የገጠመኝ ይኸው ነው። «አይ፣ የድምፅ» ስለው ዎፈር አሳየኝ። «አይ፣ አምስት ስፒከር የሚያጫውት» ስለው «እ! ሆም ቴአትር አትለኝም!» አለና ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠገበ ካርቶን አወረደ። ሁሉም የተለያየ ዕቃ ነው። ስማቸው ስለተቀላቀለ ብቻ ስንቱ ሰው ያልፈለገውን ተሸክሞ ቤቱ ገብቷል።

የማወዳድረው ሦስት ነገር ነው። የቤት ቴአትር ሪሲቨር ማለት ስፒከር የሌለው፣ ሰባት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥቁር ሣጥን ነው። ዲሹም፣ ዴኩም፣ ቴሌቪዥኑም እሱ ላይ ይሰካል፤ ስፒከሮቹን ለብቻ ትገዛላችሁ። ሳውንድባር ደግሞ ቴሌቪዥን ሥር የሚጋደም ረጅም ስፒከር ነው፤ ብዙ ጊዜ ገመድ አልባ ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሣጥን፣ አብሮት ይመጣል። ባለካርቶኑ ሆም ቴአትር ዴኩንም፣ አምፕሊፋየሩንም፣ አምስቱን ትንንሽ ስፒከሮችና ቤዙንም አንድ ላይ የያዘው ነው።

ሪሲቨሩ የእኔ ነው፤ አራት ዓመት ሆኖታል። ሳውንድባሩ ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት አለ። ካርቶኑ ፍኖተ ሰላም አጎቴ ቤት ነበር። «ነበር» ያልኩበት ምክንያት አለ፤ እደርስበታለሁ። የሦስቱንም ብራንድ አልጠራም። አንድ ዕቃ ስለተበላሸ ፋብሪካውን ሁሉ ማማት አልፈልግም።

መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው?

ሰው ሲገዛ ዋጋ ይጠይቃል፣ ዋት ይጠይቃል። ቤቱ ምን እንደሚታይ ግን ማንም ራሱን አይጠይቅም። በዲሽ የሚመጡት የአማርኛ ጣቢያዎች ድራማም ሆነ ዜና በስቴሪዮ ነው የሚያስተላልፉት፤ ሁለት ድምፅ፣ ግራና ቀኝ። ዩቲዩብ ላይ ያለው ዘፈንና መዝሙርም በብዛት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከኋላ ያሉት ሁለት ስፒከሮች ለእነዚህ የራሳቸው ሥራ የላቸውም። ሪሲቨሩ ስቴሪዮውን ለአምስት ያከፋፍለዋል፤ ክፍሉ ይሞላል፣ ግን ከጀርባችሁ የሚመጣ እውነተኛ ድምፅ የለም።

አምስት ነጥብ አንድ (5.1) የሚባለው፣ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ቤዝ ለየብቻ የተዘጋጀው ድምፅ፣ ፊልም ላይ ነው ያለው። ዲቪዲ ላይ ዶልቢ ዲጂታል የሚባለው የዚህ ድምፅ ዓይነት አለ፤ ብሉሬይ ላይ ከዚያ የተሻለ። ከፊልም ቤት በፍላሽ የምታስጭኑት ግን ዕድል ነው። ፋይሉ ትንሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ድምፁም ተጨፍልቆ ስቴሪዮ ሆኗል። ሌላም ጣጣ አለ። ሳምሰንግ በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ባወጣቸው ቴሌቪዥኖች ላይ ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት ማንበብ አቁሟል። ኤልጂም ከ2020 እስከ 2022 ባሉት ሞዴሎቹ ላይ አውጥቶት ነበር። ድምፁ ዲቲኤስ የሆነ ፊልም ያለበትን ፍላሽ እዚያ ስትሰኩ ሥዕሉ ይሄዳል፣ ድምፁ ዝም። ሰው «ፍላሹ ተበላሸ» ይላል። ሪሲቨር ያለው ሰው ማጫወቻውን በኤችዲኤምአይ በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ ሰክቶ ይገላገላል።

እህቴ ቤት የሚታየው ድራማና ዩቲዩብ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ ይጨመራል። ለዚያ ቤት ሳውንድባር በቂ ነው፤ ሪሲቨር ቢገዙ ብር ማባከን ይሆን ነበር። እኔ ደግሞ የፊልም ሱሰኛ ነኝ። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ የገንዘብ አቅም ጉዳይ አይደለም።

ዋት የሚባለው ውሸት

የአጎቴ ካርቶን ላይ በትልቁ «1000 ዋት» ይላል። አንድ ቀን አገላብጬ የጀርባውን ጽሑፍ አየሁት። ከሶኬት የሚወስደው ኃይል መቶ ዋት እንኳን አይሞላም! መቶ በልቶ ሺህ የሚሰጥ ዕቃ የለም። ካርቶን ላይ «ፒኤምፒኦ» የሚል ካያችሁ ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት፣ ለማስታወቂያ የተነፋ ቁጥር ነው። ፈልጉ የምለው «አርኤምኤስ» የሚለውን፣ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው።

ሪሲቨሮቹም ቢሆኑ ከዚህ ጨዋታ ነፃ አይደሉም። በፈረንጆቹ 2018 የወጡ ሁለት መነሻ ሪሲቨሮች እንውሰድ፤ አዲሱን ለሚፈራ ሰው ያገለገሉት ይገኛሉና። የያማሃው አርኤክስ-ቪ385 በአንድ ስፒከር 70 ዋት ይላል። የሶኒው ኤስቲአር-ዲኤች590 ደግሞ 145 ዋት። ሶኒው እጥፍ ነው ማለት ነው? አይደለም። ያማሃ 70 ያለው ሁለት ስፒከር አብሮ እየሠራ፣ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ድምፅ ሁሉ ተለክቶ ነው። ሶኒ 145 ያለው አንድ ስፒከር ብቻውን፣ በአንድ ድምፅ ብቻ ተለክቶ ነው። አንዱ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ፣ ሌላው ባዶውን ሜዳ ላይ ሲሮጥ እንደመለካት ነው።

ከዚያ ውጭ ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ። ሁለቱም አራት የኤችዲኤምአይ መግቢያና አንድ መውጫ አላቸው። ሁለቱም ብሉቱዝ አላቸው፤ ዋይፋይ የላቸውም። እዚህ ኢንተርኔት እንደልብ ስለማይገኝ ዋይፋዩ ቢቀር ብዙም አይቆጭም። ሶኒው ሁለት ቤዝ መቀበሉ ይለየዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለቱ የተሻለ ዋስትና ያለውንና ዕድሜው ያነሰውን ውሰዱ፤ በድምፅ የሚያጣላ ነገር የለም።

ሁለቱም ማይክራፎን አብሯቸው ይመጣል፤ ይህን የማይጠቀም ብዙ ሰው አይቻለሁ። ማይኩን በምትቀመጡበት ቦታ፣ በጆሮ ልክ ታቆሙታላችሁ። ሪሲቨሩ በየስፒከሩ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይለቃል፣ ርቀቱን ይለካል፣ ቅርቡን ስፒከር ያዘገየዋል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ እሱን ነው የሚያስተካክለው። ችግሩ ፀጥታ ይፈልጋል። የመጀመሪያ ቀን የጎረቤት ዶሮ ጮኸና አቋረጠብኝ። ደግሜ ስጀምር ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። በመጨረሻ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ ጨረስኩት። ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

መብራቱ ከየትኛው ጋር ይስማማል?

እዚህ ላይ ሳውንድባሩ ያሸንፋል፤ በሰፊው።

ማርቆስ የእህቴ ሰፈር ማታ ላይ የእንጀራ ምጣድ ሲበዛ አምፖሉ ይደክማል። አንድ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባልና አይፈረድበትም። ሳውንድባሩ ጀርባ «100–240 ቮልት» ተጽፏል። ስለዚህ መብራቱ 170 ቢደርስም ምንም አይለውም፤ ድራማው ይቀጥላል። የእኔ ሪሲቨር ግን «230 ቮልት» ብቻ ነው የሚለው። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ነው ያን ያህል የሚያከብደው፤ ኃይሉ ሲወርድ «ቀጭ» ብሎ ይጠፋል። ፊልሙ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ይመርጣል መሰለኝ። ስታብላይዘር ገዝቼ ነው የተገላገልኩት። ሪሲቨር ስትገዙ የስታብላይዘሩን ዋጋ አብራችሁ ቁጠሩ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቡሬ ያለ ጓደኛዬ በስጦታ የመጣለትን ሪሲቨር በፕላግ መቀየሪያ ሰካው። የፕላግ መቀየሪያ ቅርጽ እንጂ ቮልት አይቀይርም። የአሜሪካው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ እኛ ያለን 220 ነው። ጭሱን ያየው ከሽታው በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ከመጣ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግድ ነው፤ እሱም ጠንካራ መሆን አለበት።

ክረምት ላይ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ሁሉንም ንቀሉ። የዲሹንም ገመድ። ሶኬቱን ነቅሎ የዲሹን ገመድ የሚተው ሰው አለ፤ መብረቁ በዚያም በኩል መንገድ አያጣም።

ቆርቆሮ፣ ዝናብና የሰው ንግግር

ሳውንድባሩ የተሸነፈው እዚህ ነው። ሐምሌ ላይ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተዋናዮቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ብቻ ነበር የምናየው። የእህቴ ባል ድምፁን ጨመረ፤ ቤዙ ቤቱን አናወጠው፣ ንግግሩ ግን ያው ነው። ሁለት ድምፅ ብቻ ያለው ሳውንድባር ንግግሩንና ሙዚቃውን ለይቶ ከፍ ማድረግ ይከብደዋል። ሪሲቨር ላይ የመሐሉን ስፒከር ድምፅ ብቻ አራት ዴሲቤል እጨምራለሁ፤ የሰው ንግግር የሚወጣው በዚያ ነው። ቤዙን እቀንሳለሁ። እማዬ እንኳን «አሁን ይሰማል» ትላለች። ሳውንድባር የምትገዙ ከሆነ ቢያንስ የመሐል ስፒከር ያለውን፣ 3.1 የሚለውን ምረጡ። ከ2.1 ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ክረምት ላይ ታመሰግኑኛላችሁ።

ሽቦ ላይ ሳውንድባር ዕረፍት ነው። አንድ ገመድ «ኤአርሲ» ከሚለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ አለቀ። በቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፅ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። እኔ ቤት የኋላ ስፒከሮቹ ሽቦ በግድግዳው ጥግ ይዞራል። ሁለት ጊዜ አይጥ በልቶታል። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራዩ ሚስማር ሲያይ ፊቱ ይቀየራል።

ሽቦ ስትቀጥሉ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ይጮኻል፣ ግን ቤዙ ይጠፋል። ጓደኛዬ ወር ሙሉ ስፒከሩን ሲረግም ከርሞ የተገለበጠ ሽቦ ሆኖ ተገኘ።

ሲበላሽስ?

ወደ አጎቴ ካርቶን እንመለስ። ሁለት ዓመት ደህና ሠራ። ከዚያ ዴኩ ሲዲ ማንበብ አቆመ፤ ቀጥሎ ማብሪያው እምቢ አለ። ስፒከሮቹ ደህና ናቸው። ሌላ አምፕሊፋየር ላይ እንዳንቀጥላቸው ግን መሰኪያቸው የራሱ ነው፤ ጀርባቸው ላይ ደግሞ 3 ኦም ይላል፤ ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው። ሪሲቨሮች የሚፈልጉት 6 ወይም 8 ኦም ነው፤ ከዚያ በታች ሲቀጠልባቸው ይግላሉ፣ ይዘጋሉ። እንዲህ ሆኖ አንዱ ሲሞት ሁሉም አብሮ ሞተ። አሁን ስፒከሮቹ ቡፌው ላይ ለጌጥ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው የፎቶ መደገፊያ ሆኗል። ካርቶኑን አዲስ ቢሆንም አልመክርም።

ሳውንድባርም ሲበላሽ ያው ነው፤ ቦርዱ ከሄደ ጥገና ቤት «ዕቃው የለም» ነው መልሱ። ሪሲቨር ላይ ግን ስፒከሩ ቢቀደድ ስፒከሩን ብቻ፣ ሪሲቨሩ ቢሞት ሪሲቨሩን ብቻ ትቀይራላችሁ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። እኔ የጀመርኩት በሁለት ስፒከር ነው። የመሐሉን በሚቀጥለው ዓመት ጨመርኩ፤ የኋላዎቹንና ቤዙን ዕቁብ ሲደርሰኝ። ሳውንድባርን በዕቁብ ማሳደግ አይቻልም።

ዋጋ አልጻፍኩም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዛሬው ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየርም። ሪሲቨር ከሙሉ ስፒከር፣ ከሽቦና ከስታብላይዘር ጋር ከሦስቱ ውዱ ነው። ካርቶኑ ርካሹ ነው፤ ሲገዙት ብቻ።

የራሳችሁ ቤት ካለ፣ ፊልም የምትወዱ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ መገንባት ካልከበዳችሁ ሪሲቨር ግዙ። ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ልጆች ሽቦ የሚጎትቱ ከሆነ ሳውንድባር። የትኛውንም ስትገዙ የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ግማሽ ሰዓት አስጫውቱት። ሻጩ «ይሠራል ባክህ» ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

አንድ የረሳሁት። የገዛሁ ሰሞን ሪሲቨሬ በየሃያ ደቂቃው ራሱን ያጠፋ ነበር። ሻጩን ወቀስኩ፣ ስታብላይዘሩን ወቀስኩ፣ ጥገና ቤት ልወስደው ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ላነሣው ስል እጄ ላይ ጋለ። ክዳኑ ላይ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በሙሉ ተሸፍነዋል። እማዬ ከቡፌው ጋር እንዲሄድ ብላ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አልብሳዋለች። አሁን ዳንቴሉ ሳውንድባሩ ላይ ነው፤ ማርቆስ ስትሄድ ይዛው ሄደች።