የመጥለቂያ ዕቃችሁን ለዚህ ሽማግሌ ስጡ

ኤላት ላላችሁ፣ ከቤርሳቤህም ከነታንያም ለመጥለቅ ለምትወርዱ ወገኖቼ፦ አመስግኜ የማልጠግበው አንድ የመጥለቂያ ዕቃ ጠጋኝ አለ።

ከፋሲካ በፊት ቀይ ባሕር ውስጥ 30 ሜትር ላይ ሳለሁ ትንፋሽ እምቢ አለኝ። አየሩ አላለቀም፤ ግን ወፍራም አጥሚት በቀጭን ሸምበቆ የምስብ መሰለኝ። ጓደኛዬን ይዤ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ሬጉሌተሩ፣ ያ ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው ዕቃ፣ ሰላም ነው!

አንዱ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ድፍን ሦስት ሳምንት አቆይቶ «ምንም የለበትም፣ ፍርሃት ነው፤ እናንተ ውኃ አልለመዳችሁም» አለና ገንዘቤን ተቀበለ። ደምቢያ፣ ጣና ዳር ለተወለድኩት ሰውዬ! ሌላው ደግሞ ሳይፈታው «ጣለውና አዲስ ግዛ» አለኝ። የሆቴል ሠራተኛ ነኝ፤ አዲሱ የግማሽ ወር ደመወዜ ነው።

ሽማግሌው ግን አመነኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አየር ስትስብ የጌጁ፣ የአየር ግፊት መለኪያው፣ መርፌ ይወርድ ነበር?» አዎ፣ በሳብኩ ቁጥር ወርዶ ይመለስ ነበር! ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የሬጉሌተሩን የአየር መግቢያ ፈታና ከጥፍር የማትበልጥ ማጣሪያ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። የዝገት ዱቄት ወትፏታል። የብረት ሲሊንደሬን አየሩን አስወጥቶ፣ ቫልቩን ፈትቶ ሲዘቀዝቀው ቡናማ ውኃ ወጣ።

በሬጉሌተሩ ውስጥ ስላለው ሞላና ጎማ የነገረኝ አልገባኝም፣ አልዋሽም። የገባኝ ይህ ነው፦ 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው 4 እጥፍ ስለሆነ አንዱ ትንፋሽ የ4 ትንፋሽ አየር ይበላል። አተላ የወተፈው ጀበና ቀስ ብለህ ስትቀዳ ይወርዳል፣ ቸኩለህ ስትደፋው ያንቃል አይደል? እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ላይ ሲሞክሩት ደህና የሚመስለው።

እንደ አባትም ተቆጣኝ። «ሲሊንደሩን እስከ ዜሮ አትጨርስ፣ ውኃ ይገባበታል። ቫልቩንም በግማሽ አትክፈት፣ እሱም ታች ስትደርስ እንዲሁ ያንቅሃል።» ሲሊንደሩን አጽድቶ በሳምንቱ ሲመልስልኝ የተቀበለኝ የማጣሪያዋን ዋጋ ብቻ ነው። እጁን ልስም ስል ሳቀብኝ።

አርብ ዕለት እዚያው ቦታ ወረድኩ። ዓይኔ ከዓሣው ይልቅ ጌጁ ላይ ነበር። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ አይወድም፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። እባካችሁ ሂዱ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱ። ግን ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት እሱም ባሕር ውስጥ ነው።