የእንቁጣጣሽ የጀርባ ምስል በቪዲዮ ስብሰባ ላይ

በአዲስ ዓመት ዋዜማ በተካሄደው የመሥሪያ ቤታችን የቪዲዮ ስብሰባ ላይ፣ ቀለሙ የተላጠውን ነጭ ግድግዳዬን ለመሸፈንም ጭምር፣ አደይ አበባ የሞላበትን መስክ የሚያሳይ የጀርባ ምስል ተጠቅሜ ነበር። ምስሉ 1920 በ1080 ፒክስል በመሆኑ ጥራቱ አይታማም።

ችግሩ የጀመረው ለበዓሉ ብዬ ነጠላ በመልበሴ ነው። ፕሮግራሙ ሰውን ከጀርባው የሚለየው በግምት ስለሆነ፣ ነጠላው ከግድግዳው ጋር ሲመሳሰልበት ትከሻዬን እየቆረጠ አበባ ይተክልበት ጀመር፤ ሲኒ ባነሣሁ ቁጥር ደግሞ ሲኒው እየጠፋ ባዶ እጄን ወደ አፌ የማስጠጋ እመስል ነበር። የክፍላችን ኃላፊ «ቡናው የት ገባ?» ብለው ሳቁ። የመስኮቱ ብርሃን ፊቴ ላይ እንዲያርፍ ዞሬ ስቀመጥና ጠቆር ያለ ሹራብ ስደርብ ግን በእጅጉ ተሻሻለ።

በጀርባ ምስሉ ላይ የነበረው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ጽሑፍ በራሴ ስክሪን ላይ እንደ መስታወት ተገልብጦ ቢታየኝም፣ ለሌሎቹ በትክክል ይነበብ ስለነበር ምስሉን አስቀድሞ መገልበጥ አያስፈልግም። ርችት የሚተኮስባቸውን ተንቀሳቃሽ ምስሎች ግን አልመክርም፤ አሮጌ ላፕቶፕን ከማጋላቸውም በላይ፣ ስለ በጀት ጉድለት እየተነገረ ከተናጋሪው ራስ ኋላ ርችት ሲፈነዳ ማየት ያሳፍራል።