አስኪዶክተር ለአማርኛ ማኑዋል፦ አንድ ዓመት ሠርቼበት

ደሴ ቁጭ ብዬ የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር ማኑዋል በአማርኛ እጽፋለሁ። 14 ማኑዋል አለኝ። ሁሉም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ድሮ «ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ፓምፑን ያጥፉ» ይል ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሲጠፋም ወደ ማብሪያው ሳጥን የሚገባው ሽቦ 380 ቮልቱን እንደያዘ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ» ብዬ ቀየርኩት። በዎርድ፣ በኮፒ ፔስት። 13ቱን አስተካክዬ አንዱን ረሳሁት፣ እሱም ታትሞ ቆቦ ገበሬ እጅ ገባ። ማንም አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ወደ አስኪዶክተር የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። ተራ ጽሑፍን ወደ ፒዲኤፍና ወደ ድረ ገጽ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው። የምትጽፉት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ኔትወርክ ባይኖር፣ መብራት ቢሄድ፣ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ይሠራል። ማስጠንቀቂያው አሁን አንድ ፋይል ውስጥ ብቻ አለ፣ 14ቱም በኢንክሉድ (ሌላ ፋይል አምጥቶ በሚያስገባ ትእዛዝ) ይጠሩታል። አንዴ አርሜ ሁሉንም እንደገና አወጣቸዋለሁ፣ አለቀ።

በጣም የወደድኩት ግን ቅድመ ሁኔታውን ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ቆቦ ከዚያም ዝቅ ትላለች። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ የናፍጣው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የመሳቡ አቅምም አብሮ ይወርዳል። ባሕር ጠለል ላይ ፓምፕ በስሌት እስከ 10.3 ሜትር ይስባል፤ በደሴ ከፍታ ወደ 7.6 ነው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሁሉንም በአንድ ፋይል ጽፌ «ይሄ ለደጋ፣ ይሄ ለቆላ» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ብቻ ይወጣለታል።

አሁን በአማርኛ ለምትጽፉ ዋናውን ልንገራችሁ። «የዕቃውን ስም አንድ ቦታ አስቀምጠህ በየዓረፍተ ነገሩ ስሙን በሚተካ ምልክት ጥራው» የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። ለእንግሊዝኛ ይሆናል፣ ለእኛ አይሆንም። «የ»፣ «ለ»፣ «ከ» ከፊት ስለሚገቡ አያስቸግሩም። ከኋላ ያለው ነው ጣጣው፦ «ፓምፕ» «ፓምፑን» ሲሆን «ፕ» ራሷ «ፑ» ትሆናለች፣ ምልክቱ ግን ይህን አያውቅም፣ «ፓምፕኡን» ብሎ ያወጣላችኋል። እኔ ቃል መጥራት ትቻለሁ። የምጠራው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወይም ሙሉ አንቀጽ ነው፤ በምልክት የማስገባው ቁጥርና የሞዴል ኮድ ብቻ። የግድ ስም ካስፈለገ «ይህን ፓምፕ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ቃሉ ሳይነካ ይቀመጣል።

ዲታ የሚባለውን ሌላ የማኑዋል አጻጻፍ ሥርዓትም ሞክሬዋለሁ። መነሻው አይቢኤም ነው፣ ኦኤሲስ የተባለው የስታንዳርድ ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ስታንዳርድ አድርጎ አጸደቀው። ብዙ ጸሐፊ ላለው ትልቅ ድርጅት ጥሩ ነው፤ እንደኛ ለሁለት ሰው ግን የኤክስኤምኤሉ ታግ (በየጽሑፉ ዙሪያ የሚጻፈው ምልክት) ከጽሑፉ ይበዛል።

አስኪዶክተርም እንከን አለው። ፒዲኤፍ ሲያወጣ አብረውት የሚመጡት ፎንቶች የእኛን ፊደል አያውቁትም፣ ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት የገጹን መልክ በሚወስነው ፋይል (ቲም ፋይል) ራሳችሁ መስጠት አለባችሁ። ግማሽ ቀኔን በላብኝ። ለብራውዘር የሚወጣው ግን ወዲያው ይነበባል፣ አብሽሩ።

ሁለተኛው ይከፋል። የምትጠሩት ፋይል ስሙ ከተቀየረ ሥራው አይቆምም፤ ማስጠንቀቂያው መቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ «አንሪዞልቭድ ዳይሬክቲቭ» (ትእዛዙ አልተፈጸመም እንደማለት) የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ተክቶ ይቀጥላል። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት ያቺን ቃል በየፒዲኤፉ እፈልጋለሁ፣ 14ቱም ላይ፣ አንድም ሳልዘል።